በቤት የተሞላ ጥይት ባሩዱ ሳይቃጠል ሲቀር፦ ምክንያቱ ምንድነው? መቼስ ነው መተኮስ ማቆም ያለባችሁ?

ከተኩስ በኋላ ጠመንጃውን ከፍታችሁ ስታዩ በርሜሉ ውስጥ ትናንሽ ቢጫማ ፍሬዎች ተበትነው ታገኛላችሁ። ቀለሁን ስትገለብጡትም ሁለት ሦስቱ መዳፋችሁ ላይ ይወድቃሉ። ሳይቃጠል የተረፈ ባሩድ ነው። ፋብሪካ በሰራው ጥይት ይሄ ብዙም አያጋጥምም፤ ሰው በራሱ እጅ በሞላው ጥይት ግን የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ጠመንጃ ከማቆሸሽ ያለፈ ጉዳት የለውም። አንዳንዴ ግን ቀጣዩ ተኩስ በርሜሉን እጃችሁ ላይ ሊሰነጥቀው እንደሚችል የሚናገር የመጀመሪያ ምልክት ነው። ዛሬ ሁለቱን እንዴት እንደምትለዩና ምክንያቱን በምን ቅደም ተከተል እንደምትፈልጉ እናያለን።

🔹 ለማን ነው የምንጽፈው?

በአሜሪካ ጥይት ቤት ውስጥ መሙላት ብዙ አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች የሚሰሩት ሕጋዊ የትርፍ ጊዜ ስራ ነው። ለራሱ መጠቀሚያ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሞልቶ የሚሸጥ ግን ያስፈልገዋል። ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን ተጨማሪ ሕግ ሊያወጡ ስለሚችሉ የምትኖሩበትን ማየት ነው። ሚኒሶታና ኮሎራዶ ላይ አጋዘን አደን የለመዱ የኛ ልጆች አሉ፤ ጥይት ሲወደድባቸው ወደዚህ ስራ መግባታቸው አይቀርም።

አገር ቤት ያላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ እንደ አሜሪካ ማንም ሰው ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ ጥይት የሚሞላበት አገር አይደለም። እናንተ ይሄን ለእውቀት ብቻ አንብቡት።

በቃላቱ እንስማማ። ጥይት ስንል ሙሉውን ነው። ከፊት ያለው፣ ተወርውሮ የሚሄደው አረር ነው። ባሩዱን የያዘው የናስ ዕቃ ቀለህ ነው። ቀለሁ ቂጥ ላይ መሃል ለመሃል የተሰካችው፣ መርፌው ሲመታት ብልጭታ የምትሰጠው ትንሽ ቆብ ፕራይመር ትባላለች። የሚሞላ ሰው የተተኮሰውን ቀለህ አጽድቶና ወደ ልኩ መልሶ አዲስ ፕራይመር፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር ያስገባል። በቃ ይሄው ነው ስራው። ማጥፋት የሚቻልበት ቦታ ግን ብዙ ነው።

🔹 ባሩድ የሚቃጠለው በራሱ ግፊት ነው

ብዙ ሰው ባሩድ እንደ ድማሚት የሚፈነዳ ይመስለዋል። ዛሬ ጠመንጃ ውስጥ የሚገባው ጭስ አልባ ባሩድ በትክክል ሲሰራ አይፈነዳም፣ ይቃጠላል። ሜዳ ላይ ትንሽ አፍስሶ እሳት ቢነካው ቢጫ ነበልባል አውጥቶ እየተንሿሿ ያልቃል እንጂ ድምፅ የለውም። ቀለህ ውስጥ ሲሆን ግን ጋዙ መውጫ ያጣል። መውጫ ያጣ ጋዝ ግፊት ይሆናል። ግፊት ደግሞ ባሩዱ ይበልጥ እንዲፈጥን ያደርገዋል፤ ፈጥኖ ሲቃጠል ተጨማሪ ጋዝ ይወጣል፣ ግፊቱም ይብሳል። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው ከሰከንድ በጣም ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

የግፊቱን መጠን ለመገመት ጎሚስታ ቤት የምትሰሟትን ፒኤስአይ አስቡ። የትንሽ መኪና ጎማ 30 እስከ 35 አካባቢ ይነፋል። ለ.308 ዊንቸስተር ጥይት በአሜሪካ ኢንዱስትሪ የተፈቀደው ጣሪያ 62,000 ነው፣ ለ.30-06 ደግሞ 60,000። እነዚህ ጥይቶች የሚሞሉበት ባሩድ ለዚህ ዓይነት ግፊት የተሰራ ነው። ግፊቱ በጣም ዝቅ ካለ ቃጠሎው ይደክማል። አረሩ ወጥቶ በርሜሉ ሲከፈት ግፊቱ በአንዴ ይወድቅና ገና እየተቃጠሉ የነበሩት ፍሬዎች ባሉበት ይጠፋሉ። ያ ቢጫ ፍሬ እሱ ነው።

ስለዚህ ፍሬ ስታዩ መጠየቅ ያለባችሁ ጥያቄ አንድ ነው፦ ግፊቱ ለምን አነሰ?

በነገራችን ላይ የጥቁር ባሩድ ጉዳይ ሌላ ነው። አድዋ ላይ አባቶቻችን ይዘውት የነበረው ውጅግራ በፈረንሳዮቹ ሞዴል 1874 ግራ ጠመንጃ የወጣ ስም ነው፤ ጥይቱ 11 ሚሊሜትር፣ ባሩዱ ጥቁር። ጥቁር ባሩድ በደንብ ቢቃጠል እንኳ ከክብደቱ ግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ ሳይሆን ጭስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ተኳሹ ያለበት ቦታ በጭስ የሚታወቀው ለዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ ጭስ አልባውን ባሩድ ሰራ፤ በ1886 ፈረንሳይ ለቤል የተባለውን ጠመንጃ አወጣችበት። የለቤል ቀለህ ደግሞ ከየት መጣ? የውጅግራን ቀለህ አንገቱን አጥብበው ነው የሰሩት። ዛሬ የምናወራው የባሩድ ጣጣ የጀመረው እዚያ ጋ ነው ማለት ይቻላል።

🔹 ጥቂት ፍሬ ችግር ነው?

አይደለም። አንዳንድ ባሩድ፣ በተለይ ዝግ ብሎ የሚቃጠለው ዓይነት፣ ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ እንኳ ሁለት ሦስት ፍሬ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ተኩሱ እኩል ከሆነ፣ ዒላማው ላይ ጥይቶቹ ተቀራርበው ካረፉና የሞላችሁት መጠን ከመጽሐፉ ጋር ከተስማማ፣ በርሜሉን ጠርጉትና ቀጥሉ።

ፍሬው ብቻውን ካልመጣ ግን ሌላ ነው። የቀለሁን አንገትና ጎን እዩት። ግፊቱ በቂ ሲሆን ቀለሁ ይለጠጥና ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ጋዙን ይዘጋዋል፤ ግፊቱ ሲያንስ አይለጠጥም፣ ጋዙም በጎኑ ወደ ኋላ ያመልጣል። ከአንገቱ አልፎ ወደ ታች የወረደ ጥቁር ጥላሸት የዚህ ምልክት ነው። ፕራይመሯ ከቂጡ ትንሽ ወጣ ብላ ከተገኘችም ዝቅተኛ ግፊት አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል (ሌላው ምክንያት ቀለሁ ከጠመንጃው ልክ በታች መሆኑ ነው)። ጆሮም ይመሰክራል፦ አንዱ ጥይት «ጯ!» ብሎ ሌላው ደከም ካለ፣ ትከሻችሁ ላይ ያለው ምትም አንዴ ጠንካራ አንዴ ለስላሳ ከሆነ፣ ጥይቶቻችሁ እኩል እየተቃጠሉ አይደለም።

የአረር ፍጥነት መለኪያ፣ ክሮኖግራፍ የሚሉት ዕቃ፣ እዚህ ላይ ትልቅ እርዳታ ነው። ከአንድ ዓይነት አሞላል አሥር ጥይት ተኩሳችሁ ፍጥነታቸው በጣም ከተራራቀ ነገሩን በቁጥር አያችሁት ማለት ነው። በኛ እይታ የሚሞላ ሰው ከሌላ ጌጣጌጥ በፊት ይሄን ቢገዛ ይሻለዋል።

🔹 ምክንያቱን ፍለጋ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ፕራይመሯን ነው የሚያማው። ቀላል ስለሆነች ነው፤ ቀይሮ መሞከር ብቻ። እውነተኛው ተጠያቂ ግን አብዛኛውን ጊዜ የባሩዱ ምርጫ ነው።

ባሩድ ሁሉ አንድ አይደለም። አምራቾች የፍሬውን መጠንና ቅርጽ በመለዋወጥ፣ ላዩንም ቃጠሎውን በሚያዘገይ ነገር በመቀባት ፈጣንና ዘገምተኛ ባሩድ ይሰራሉ። እንደ 7 ሚሊሜትር ረሚንግተን ማግነም ላሉ ትልልቅ ጥይቶች የተሰራ በጣም ዘገምተኛ ባሩድ አለ። ያንን አምጥታችሁ .223 ረሚንግተንን በመሰለ ትንሽ ቀለህ ውስጥ ብትሞሉት፣ አፉ ድረስ ሞልታችሁት እንኳ የሚፈለገው ግፊት ላይ አይደርስም። ተኩሱ ይደክማል፣ በርሜሉም በፍሬ ይሞላል። ተቃራኒው ስህተት ከዚህ በጣም ይከፋል፤ በዘገምተኛው ፈንታ ፈጣን ባሩድ የገባበት ጥይት ጠመንጃ ያፈነዳል።

ስልክ ለያዛችሁ ሁሉ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። የባሩድ ስም በጣም ይመሳሰላል። ኤች 4350 አለ፣ አይኤምአር 4350 አለ፣ አኪዩሬት 4350ም አለ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ባሩዱ ግን ሦስት የተለያየ ባሩድ ነው፣ የሚሞላውም መጠን ይለያያል። በሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ላይ የሰማችሁትን ቁጥር ይዛችሁ አትሙሉ። ባሩዱን የሰራው ድርጅት በነፃ የሚያወጣው ሠንጠረዥ አለ፤ የአረር አምራቾችም መጽሐፍ አላቸው። ከእነሱ ውጪ ያለ ቁጥር ወሬ ነው።

መጠን ማሳነስም ሌላው ምክንያት ነው። አንዳንዱ ምቱ እንዲለሰልስለት፣ ወይ ባሩድ ለመቆጠብ፣ መጽሐፉ ከሚለው ዝቅተኛ መጠን በታች ይወርዳል። ቀለሁ ግማሽ ባዶ ሲሆን ባሩዱ ውስጡ ይንከላወሳል፤ አፈሙዙ ወደ ታች ሲዘቀዘቅ ወደ ፊት ይሄድና ከፕራይመሯ ይርቃል። ያኔ ብልጭታዋ ባዶ ቦታ ላይ ትባክናለች። ዘገምተኛ ባሩድን ከልክ በላይ ማሳነስ ደግሞ ከማድከም አልፎ ግፊቱን ባልተጠበቀ መንገድ ሊያሻቅበው እንደሚችል የጥይት መጻሕፍት ያስጠነቅቃሉ። «ያነሰ ባሩድ ሁሌም ያነሰ አደጋ ነው» የሚለው ሐሳብ ስለዚህ አይሰራም።

ሆጅደን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሁለት ባሩዶቹ ነገሩን በደንብ ያሳያሉ። ኤች 4895ን በተመለከተ ድርጅቱ ራሱ፣ ይህ ባሩድ በሠንጠረዡ ከተጠቀሰላቸው የጠመንጃ ጥይቶች ላይ ከከፍተኛው መጠን እስከ 60 በመቶ ድረስ ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል ይገልጻል፤ ዝቅ ባለ ግፊትም ስለሚቃጠል ለጀማሪዎች ለስላሳ ጥይት ይሞሉበታል። ኤች 110 ደግሞ ከተሰጠው መጠን ከ3 በመቶ በላይ አትቀንሱት ይላል። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ሰማይና ምድር። ምቱ እንዲለሰልስላችሁ ከፈለጋችሁ መንገዱ ለዚያ የሚሆን ባሩድ መምረጥ ነው።

ሚዛን ላይ ትንሽ ቆየት እንበል። ባሩድ የሚለካው በግሬን ነው። ስሙ ከእህል ፍሬ የመጣ የክብደት መለኪያ ሲሆን በአንድ ግራም ውስጥ 15.43 ግሬን አለ። የባሩድ አንዷ ፍሬ ማለት አይደለም፣ ግራምም አይደለም። በኪሎ ያደግን ሰዎች ይሄ ያምታታናል፤ ዲጂታል ሚዛኑ በግራም ይሁን በግሬን ተከፍቶ እንደሆነ በየቀኑ እዩት። ሌላው ስልካችሁ ነው። ዲጂታል ሚዛኖች ከስልክ ሞገድና ከአየር ማራገቢያ ንፋስ ይረበሻሉ፤ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

ባሩዱን እጀታ እየተጎተተ በመጠን በሚያወርድ መስፈሪያ የምትሞሉ ከሆነ ደግሞ ይሄን ስሙ። ረጃጅም ፍሬ ያለው ባሩድ ቱቦው ውስጥ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ድልድይ ይሰራል። አንዱ ቀለህ ግማሽ ብቻ ይደርሰዋል፤ ድልድዩ ሲፈርስ ቀጣዩ ቀለህ የራሱንም የጎረቤቱንም ይወስዳል። አያችሁ? አንዱ ጥይት ባሩዱ ሳይቃጠል ይደክማል፣ ከኋላው የሚመጣው ደግሞ ከልክ በላይ ተሞልቷል። የደከመ ጥይት ሲያጋጥም «እሺ ቀጣዩን ልሞክር» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አረር ከመክተታችሁ በፊት ቀለሆቹን ሁሉ አቁማችሁ በባትሪ ብርሃን ውስጣቸውን ማየት። ከፍታው ያልተስተካከለውን አፍስሳችሁ እንደገና ትሞሉታላችሁ።

🔹 አረሩ ላልቶ ከሆነስ?

ባሩዱ ግፊት እስኪያገኝ ድረስ አረሩን የሚይዘው የቀለሁ አንገት ነው። አንገቱ ከላላ አረሩ ገና ብልጭታዋ ስትነሳ ይወጣል፣ ቦታው ይሰፋል፣ ግፊቱም ይዘገያል። አረሩን በጣታችሁ ገፍታችሁ ከተንቀሳቀሰ አንገቱ አልያዘውም። ብዙ ጊዜ የተተኮሰ ቀለህ ናሱ ስለሚጠነክር አንገቱ በደንብ መያዝ ያቅተዋል። ቀላል አረርም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፤ በቀላሉ ስለሚገፋ ዘገምተኛ ባሩድ ከሱ ጋር አይስማማም። ለዚህ ነው ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ የአረር ክብደት ሌላ ባሩድና ሌላ መጠን የሚያስቀምጠው።

የበርሜል እጥረት? አጭር በርሜል ያለው ጠመንጃ አፉ ላይ ትልቅ እሳት ስለሚያሳይ ሰዎች «ባሩዱ ውጪ እየተቃጠለ ነው» ይላሉ። ያ እሳት በአብዛኛው ትኩስ ጋዙ ከውጪው አየር ጋር ተገናኝቶ ሲቀጣጠል ነው። ከፍሬው ጋር አታምታቱት።

🔹 ፕራይመር፣ ቅባትና ብርድ

አሁን ፕራይመሯን እንያት። መርፌው ሲመታት ከስር ተደግፋ መቀመጥ አለባት፤ ጉድጓዷ ውስጥ እስከ መጨረሻው ካልገባች የመርፌው ጉልበት ግማሹ እሷን በመግፋት ያልቃል። ቀለህ በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ የምታጸዱ ከሆነ አንዷ ቅንጣት የብልጭታዋ ቀዳዳ ላይ ተሰክታ ልትቀር ትችላለች። በውሃ የምታጥቡ ደግሞ በደንብ አድርቁ፤ ከውጪ የደረቀ የሚመስል ቀለህ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ቀለሁን ወደ ልኩ ለመመለስ የሚቀባው ቅባት አንገቱ ውስጥ ከቀረም ባሩዱን ያበላሻል። በቅባት እጅ ፕራይመር አለመንካት ነው።

ክብ ፍሬ ያለው ባሩድና በጣም ትልልቅ ቀለሆች ጠንከር ያለ ብልጭታ ይፈልጋሉ፤ ማግነም የሚባለው ፕራይመር የተሰራው ለነሱ ነው። ግን ማግነም ፕራይመር ግፊትም ይጨምራል። ከፍተኛው መጠን ላይ ሆናችሁ ፕራይመር ብቻ መቀየር አይቻልም፤ ባሩዱን ወደ መነሻው መጠን ዝቅ አድርጋችሁ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ።

ብርድ ባሩድን ያደክማል፤ አንዳንዱን ብዙ፣ አንዳንዱን ጥቂት። ሐምሌ ላይ በቲሸርት ሆኖ የተሞከረ ጥይት ኅዳር ላይ ሚኒሶታ በረዶ ውስጥ ሌላ ጥይት ነው። የአጋዘን አደን የሚከፈተው በብርዱ ነውና ሙከራችሁንም በብርዱ ድገሙት። በብርድ ልኩን አግኝታችሁ ጣሪያው ድረስ የሞላችሁት ደግሞ በበጋ ፀሐይ መኪና ውስጥ ሲውል ግፊቱ ያልፋል።

ያረጀ ባሩድ በአፍንጫ ይታወቃል። ጣሳው ሲከፈት የሚኮመጥጥና የሚያቃጥል ሽታ ካለው፣ ወይም ቀይ ቡናማ ብናኝ ወይም ጭስ ካያችሁበት እየፈረሰ ነው፤ ቤት ውስጥ ማቆየቱ ራሱ አደጋ ነው። ባሩድ ከራሱ ጣሳ ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጥም። ስሙ የሌለበት ባሩድ ካገኛችሁ ምን እንደሆነ ለመገመት አትሞክሩ፣ አትጠቀሙበት።

🔹 «ፑፍ!» ካለ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ጊዜ ወስዶ የሚፈተሽ ነው። ይሄኛው ግን ጊዜ አይሰጥም። ምላጩን ስባችሁ ከለመዳችሁት ድምፅ ይልቅ «ፑፍ» ወይም «ጠክ» የሚል ደካማ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ምት ካልተሰማችሁ፣ ዒላማውም ላይ ቀዳዳ ከሌለ፣ አረሩ በርሜሉ መሃል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሌላ ጥይት አጉርሳችሁ ከተኮሳችሁ ሁለተኛው አረር የመጀመሪያውን ይገጨዋል፤ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ፊታችሁና እጃችሁ ያሉት እዚያው አጠገብ ነው።

ስለዚህ፦ ጣት ከምላጩ ላይ ይነሳል። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት እንደዞረ ይቆያል፤ አንዳንዴ ባሩዱ ዘግይቶ ስለሚቀጣጠል ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ ጠመንጃውን ባዶ አድርጋችሁ፣ መዝጊያውን አውጥታችሁ በኋላ በኩል በርሜሉን አሻግራችሁ እዩ። ብርሃን ካልታየ ተዘግቷል። አረሩን በሌላ ጥይት ለማስወጣት በጭራሽ አትሞክሩ። በመጥረጊያ ዘንግ በጥንቃቄ ገፍቶ ማውጣት የሚችል ሰው ያወጣዋል፤ ካልሆነ ጠመንጃ ሰሪ ጋ ይወሰዳል። ሰው ሳቀብኝ ብሎ መቸኮል የለም፤ የተኩስ ቦታው ኃላፊዎች ይሄን ያውቁታል፣ ጥሯቸው።

ከዚያ ቀን የቀሩት ጥይቶችም አይተኮሱም። አብረው ስለተሞሉ ችግሩ የአንዱ ብቻ ነው ብላችሁ መገመት አትችሉም። አረር ማውጫ መዶሻ በርካሽ ይገኛል፤ አንድ በአንድ ፈታችሁ ባሩዱን መዝኑት። አንዱ ውስጥ ምንም ካላገኛችሁ ወይም ሁለት ቀለሆች ላይ ልዩነት ካያችሁ መልሱን አገኛችሁት። ሁሉም እኩል ከሆኑ ደግሞ ወደ ፕራይመሩ፣ ወደ እርጥበቱና ወደ አንገቱ ተመለሱ።

🔹 ስታስተካክሉ

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ባሩዱንም ፕራይመሩንም አረሩንም አንድ ላይ ቀይሮ «ተስተካከለ» የሚል ሰው የቱ እንዳስተካከለው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ወር ያው ጥያቄ ይመለስበታል። መጠኑን ከሠንጠረዡ ጋር አስተያዩ። ከዝቅተኛው በታች ከሆናችሁ ወደ መነሻው ውጡ። በሠንጠረዡ መሃል ላይ ሆናችሁ ፍሬው ከቀጠለ በግማሽ ግሬን ወይም ከዚያ ባነሰ እርምጃ እየጨመራችሁ፣ በየደረጃው የግፊት ምልክት እያያችሁ መሄድ ይቻላል። ከጣሪያው ማለፍ ግን የለም፤ ፍሬው ጣሪያው ላይም ካልጠፋ ያ ባሩድ ለዚያ ጥይት አይሆንም። ትንሽ ፈጠን የሚል ሌላ ባሩድ ከሠንጠረዡ ምረጡ።

እያንዳንዱ ሳጥን ላይ ጻፉበት፦ የባሩዱ ሙሉ ስም ከነፊደሉ፣ መጠኑ በግሬን፣ የአረሩ ክብደት፣ የፕራይመሩ ዓይነት፣ ቀለሁ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ፣ የተሞላበት ቀንና የተሞከረበት የአየር ሙቀት። ስልክ ላይ ፎቶ ማንሳት ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀቱ ሳጥኑ ላይ ይለጠፍ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጥይቱን የሚያነሳው ሰው የእናንተን ስልክ ላይይዝ ይችላል።